በአራትና በአምስት መካከል

ዘጠኝ ቤት በአንድ ጣራ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ከሄዘርክላፍ ዳገት፣ ከመንገዱ መድረሻ።
ድንጋያቸው ቡኒ፣ ከላይ የጠቆረ፣
መቶ ዓመት የፋብሪካ ጭስ ሲጠጣ የኖረ።
ጣራውም ድንጋይ ነው፤ ከግርጌው ሰፊ ጠፍጣፋ፣
ሽቅብ እያነሰ ሄዶ፣ ጫፉ ከመዳፍ የማይሰፋ።
ፎቅ ላይ መስኮቶቹ ተያይዘው፣ ረድፍ ሠርተው፣
በቀጭን የድንጋይ ዓምድ ስድስት ስድስት ተከፍለው፤
ለጌጥ እንዳይመስልህ፤ ሸማኔ ነው ያዘዘው፣
በታኅሣሥ ጭጋግ ድሩን ለይቶ እንዲያየው።

ሂግሰን ይሉኛል። ሙያዬ ኖራ ነው።
ሰው ቸኩሎ የለጠፈውን ሲሚንቶ
በመሮ ፈልፍዬ አወጣና
ለግድግዳው ትንፋሹን እመልስለታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኦርሜሮድ፣
የአራት ቁጥሯ፣ አስጠሩኝ።
«ቤቴ ተሰንጥቋል፣ ድፈንልኝ» አሉኝ።
መጥቼ አየሁት። ስንጥቅ አልነበረም።

የታችኛው ድንጋይ ሲረዝም የላይኛው እያጠረ፣
የአንዱ ሆድ የሌላውን መጋጠሚያ እያሠረ፣
እንደ ድርና ማግ ተጠላልፎ፣ ቤት ከቤት ቤት ሲመታ፣
አራተኛው ጥግ ላይ ዜማው ድንገት ተፈታ፤
ከጣራ እስከ መሠረት፣ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ፣
ድንጋይ ድንጋይን ያልነከሰበት አንድ መስመር አለ።
የዚህኛው ጥርስ የለም፣ የዚያኛው ድድ የለም፤
ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አልተጨባበጡም።

ሰፈሩ ተረት አለው። ጄቤዝና ኢኖክ የሚባሉ
ወንድማማቾች በውርስ ተካሰው፣
«ድንጋዬ ድንጋይህን አይንካ» ተባባሉ፣
ይላሉ።
እንግዳ ሲመጣ የሚነገረው ይኸ ነው። እኔ ግን ግንበኛ ነኝ፤
ግንብ የጠየቅሁትን ብቻ ነው የሚመልስልኝ።

አራቱ ናቸው የቀደሙት።
ሠሪው «ይበቃል» ብሎ ጫፉን ዘጋ፣
ለሚመጣው ጥርስ አላስቀረም፤
የሚመጣ አለ ብሎ አላሰበማ።
ኋላ የሱፍ ዋጋ ወጣ፤ ሰው ከየገጠሩ ጎረፈ፤
አምስተኛውም መጥቶ በአራተኛው ጎን ተለጠፈ፣
የራሱን ጎን ሳይሠራ በሰው ግድግዳ ተደገፈ።

«አልደፍነውም» አልኳቸው።
«የርስዎ ቤት ዓለት ላይ ነው፣ የጎረቤትዎ ጭቃ፤
በሁለት መቶ ዓመት ሁለት ጣት ወርዷል፣ በቃ።
ተቆላልፈው ቢሆን ኖሮ፣ ሲሰምጥ ይዞዎት ይሰምጥ ነበር።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሌላም አለ፣ ና» ብለው
ደረጃውን መሩኝ። ደረጃ ከተባለ፤
መሰላል ነው እንጂ፣ ገመድ ይዘው የሚወጡት።
መኝታ ቤት ገባን፤ ቁም ሳጥኑን እሳቸው በዚህ፣
እኔ በዚያ ገፋነው።

ከኋላው መስኮት።
ደፉ የድንጋይ፣ ዓምዱ የድንጋይ፣ የተሟላ መስኮት፣
በጡብ የተደፈነ።
በዚህ ወገን የእሳቸው የክረምት ካፖርት፣
በዚያ ወገን የሚስተር ዱክስበሪ መታጠቢያ ቤት።

አምስት ሳይመጣ በፊት ሜዳ ያይ ነበረ፤
ሐምራዊ ቁጥቋጦ፣ ነፋስ፣ በግ፣
ዝናብ ከሩቅ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ሲመጣ።

ደፉን በእጄ ዳበስኩት። ሁለት ቦታ ጎድጉዷል፣
ጎን ለጎን፣ ልስልስ፣ የማንኪያ ሆድ የሚያህል።
መሮ አይደለም፤ የመሮ ጠባሳ ይታወቀኛል።
ነፋስም አይደለም፤ ነፋስ እዚህ ምን ሊሠራ?
ቆይቼ ገባኝ።
ክርን ነው።
መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ ማታ ማታ፣
አንድ ሰው፣ ወይ ሴት፣ ወይ እናትና ልጅ በየተራ፣
እዚህ ተደግፎ ሲያይ የኖረ።
ከዚያ አንድ በጋ ጡብ ተጭኖ መጣ።
ያን ቀን ማን እንዳለቀሰ
ግንቡን ብጠይቀው አልመለሰ።

ወይዘሮ ኦርሜሮድ የሹራባቸውን እጅጌ ሰብስበው
ክርናቸውን ከጎድጓዳው አገቡ።
ልክ ነው።
ጡቡን ትክ ብለው ያዩታል።
ከወዲያ በኩል ሚስተር ዱክስበሪ ቧንቧ ከፈተ፤
ውኃው በግድግዳው ውስጥ ተንሿሿ።

«ዛሬ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣
«ዛሬ ሜዳው ላይ ዝናብ ነው።»